የኩሬው ሰውዬ ቅሬታ

ሆርኒ ስላቲና፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2022

ለወይዘሮ ራዳና፤ የድሮ ፊልም ማደሻ ክፍል፣ ፕራግ።

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታ የማቀርበው፣ እናቴ ሰላም ሳልል እንዳልሳደብ አድርጋ ስላሳደገችኝ ነው።

ይህን የምትጽፍልኝ ሄድቪካ ናት፤ የመንደራችን ቢራ ቤት ባለቤት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አባቴ ቤታችንን በሠረገላ እየጎተተ፣ ከገበያ ገበያ እየዞረ አሻንጉሊት በክር የሚያጫውት ሰው ነበር። የአንዱ መንደር አስተማሪ ስማችንን መዝግቦ ሳይጨርስ እኛ ሌላ መንደር ድንኳን እንተክላለን። ይኸው ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ ማንበብ ባለመቻሌ የቀረብኝ ነገር ቢኖር ጋዜጣ ነው፤ እሱም አይቆጨኝም። ሄድቪካን «ያልኩትን ጻፊ፣ ስኳር አትጨምሪበት» ብያታለሁ።

ዲስኩ ደረሰዎት ወይ፣ እንዴትስ አገኙት ብለው ጠይቀዋል። ደርሶኛል። አስጠልቶኛል።

የታደሰ ፊልም ትሉታላችሁ። ያደሳችሁት ግማቱን ነው። «ሦስት ክዳኖች» የተባለው ባለ ሦስት ተረት ፊልም ሲቀረጽ በመካከለኛው ተረት የኩሬውን ሰውዬ ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ፤ ያንን የሰመጡ ሰዎችን ነፍስ በኩባያ ከድኖ የሚያስቀምጠውን አረንጓዴ ጉድ። ልብሱ የካርፕ ዓሣ ቅርፊት በአጥንት ሙጫ ተለጣጥፎበት የተሠራ ነበር። ፀሐይ ሲመታው ዝንቦች ከነዘመድ አዝማዳቸው ይመጡብኛል። ምሳ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ሳህኑን አንስቶ ነፋሱ ሽታዬን ወደማያመጣበት በኩል ይሸሻል። በድሮው ፊልም ይሄ አይታይም ነበር። ጭጋግ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አንዳች ነገር ነበርኩ፤ ልጆች እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይገቡ ነበር። እናንተ አጥባችሁ፣ አጥባችሁ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ብጉር ሳይቀር አወጣችሁት። በሄድቪካ ቢራ ቤት ስናየው ፖስተኛው ቢራውን እንደያዘ ብድግ ብሎ «ጋሽ ቬንዳ፣ ዚፕህ ይታያል!» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ይሁን። እሱን ተፍቼ አልፈው ነበር።

ግን በዚያው ተረት የእናቷን ነፍስ ልታስለቅቅ ኩሬ ውስጥ የምትወርደው የወፍጮ ቤት ልጅ እህቴ ኦቲሊያ ናት። መጀመሪያ ሄድቪካ የተዋናዮቹን ስም ስታነብልኝ የኦቲሊያ ስም የለም። «እስቲ ደግመሽ እይ» አልኳት። ደግማ አየች፤ የለም። የማውቀው ነገር ነው፤ የሩሲያ ታንኮች በ1968 አገራችን በገቡ በዓመቱ ኦቲሊያ ወደ ቪየና ወጣች፤ ያን ጊዜ አገር ለቆ የወጣን ሰው ስም ከየፊልሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይፍቁት ነበር። ግን ዛሬ ማን ከለከላችሁ?

ከዚያ ኦቲሊያ አፏን ከፈተች፤ የወጣው የሌላ ሴት ድምፅ ነው። ማር የተቀባ ድምፅ! የሳሎን ድምፅ! የእህቴ ድምፅ የተሰነጠቀ ደወል ነበር፤ ከመንደሩ ወዲያ ማዶ ይሰማል። በእህቴ አፍ ውስጥ የማላውቃት ሴትዮ ተቀምጣ ታወራለች። «አጥፊልኝ!» አልኳት ሄድቪካን።

እህቴ ሞታለች። ፎቶዋ አለኝ፤ ፎቶ ግን አይናገርም። ድምፅዋን ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ እሰማለሁ ብዬ ነበር ያንን ዲስክ የጠበቅኩት። አሁን ከነሣጥኑ የሄድቪካን የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ እግር ደግፎ ቆሟል። ለዚያ ልክ ነው፤ ጥሩ አድርጋችሁ ሠርታችሁታል።

የእህቴን ስም መልሱ። ድምፅዋን መልሱ። ሌላ ከናንተ የምፈልገው የለም።

ቬንደሊን ሃቭራን
(ከታች ያለችው ዓሣ ፊርማዬ ናት። ሌላ መሳል አልችልም።)


ሆርኒ ስላቲና፣ ማርች 2 ቀን 2022

ወይዘሮ ራዳና፣ እንደምን ሰነበቱ።

ይቅርታዎ ደርሶኛል። ሄድቪካ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ሁለተኛውን ያነበበችው ስለጣፈጣት ነው። «እንዴት ያለች ትሑት ሰው ናት፣ ጋሽ ቬንዳ!» ትለኛለች። እኔ ትሑት ሰው አልፈለግኩም፤ እህቴን ነው የፈለግኩት።

ስሟን በሚቀጥለው ኅትመት እንመልሳለን ማለትዎ ጥሩ ነው። ሲደረግ አምናለሁ።

ስለ ድምፁ ግን በምን እርግጠኛ ነዎት ማለትዎ አናደደኝ። በምን ይሉኛል? ስትናገር ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር! ያንን የሚገማ ቆዳ ለብሼ፣ ውሃ እስከ ወገቤ ውጦኝ፣ እሷ «እናቴን ስጠኝ» ስትለኝ ምራቋ ፊቴ ላይ ያርፍ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

ደግሞም ያንን ፊልም ከናንተ በላይ አይቼዋለሁ። ቀረጻው ሲያልቅ የሥራ ኃላፊው አንድ ኮፒ ለአባቴ ሰጠው፤ ድንኳናችንን፣ ፈረሶቻችንንና ሠረገላችንን ለፊልሙ ስላዋስናቸው ምስጋና ነው ብሎ። እኛም ከአሻንጉሊቱ ቀጥለን በየገበያው እናሳየው ጀመር። ማሽናችን ከአያቴ የወረስነው፣ በእጅ የሚዞር፣ ድምፅ የሌለው ዘመን ማሽን ነው። እኔ አዞራለሁ፣ አባቴ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ኦቲሊያ ምስሉ ከሚታይበት አቡጀዲ ጀርባ ቆማ የሁሉንም ሰው ቃል ትናገራለች፤ የኔን፣ የወፍጮ ባለቤቱን፣ የራሷን። ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አሻንጉሊት የሚያጫውት ሰው የሁሉም አፍ ነው። ማሽኑ አንድ ጉድለት ነበረው። በምስሉ ግራ ጠርዝ ላይ እንደ ትል የምትንቀጠቀጥ ነጭ መስመር ትመጣለች፤ ሰው እሷን እያየ ይስቃል። ኦቲሊያ ጥቁር ጨርቅ ሰፍታ በዚያ በኩል ሰቀለችበት፤ ተገላገልን።

ያ ኮፒ አለ። «ሁሉም ኮፒ ይመለስ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ አባቴ «ጎርፍ ወሰደው» አላቸው። ጎርፉ የወሰደው ወደ ሠረገላችን ወለል ሥር ነው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። በፖስታ ይላኩልኝ ሊሉኝ ከሆነ ግን ይተዉት። የእህቴን ፊት ለፖስተኛ አልሰጥም፤ በተለይ ለዚህኛው። ከፈለጉ መጥተው ይውሰዱ። ሲያዩኝ የማላምር ሰው ነኝ፤ ዓሣ ግን እጠብሳለሁ።

እንዴት እንደሞተች ለጠየቁት፣ ይህን አይጠይቁኝ።

ቬንደሊን
(ዓሣ)


ፕራግ፣ ማርች 29 ቀን 2022

ለክቡር አቶ ቬንደሊን ሃቭራን፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ? በሰላም ገብቻለሁ። ስለ ዓሣው በድጋሚ አመሰግናለሁ፤ ስለ አጥሩ ደግሞ በድጋሚ ይቅርታ። መኪናዬ ጭቃው ውስጥ ስትንሸራተት አጥሩን ሳይሆን እርስዎን እመታለሁ ብዬ ነበር የደነገጥኩት። ጎረቤትዎን «ተዋት፣ የፕራግ ሰው ሲነዳ እንዲህ ነው» ብለው ስላበረዱልኝ ውለታ አለብኝ።

የፊልም ጥቅሎቹን ከፈትናቸው። የኮምጣጤ ሽታ አላቸው፤ አንዱ ጫፉ ላይ ተጨማዷል፤ ግን ይኖራሉ። እናም ይህን ቀድሜ ልንገርዎት፤ የእህትዎ ስም አለ። ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ለብቻው፤ «ኦቲሊያ ሃቭራኖቫ»። ባልደረቦቼን ጠርቼ አሳየኋቸው። እኛ የሠራነው በ1971 ከወጣው ቅጂ ነበር፤ የተፋቀውን ይዘን ነው አሳምረን ያጠብነው። በዚህ እርስዎ ልክ ነዎት፤ አፍሬያለሁ።

ስለ ድምፁ አንድ የማውቀው ነገር አለ። ዛሬ አልጽፈውም። አንዲት ሴት ማነጋገር አለብኝ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ አንዳንድ ቀን ሰው ያስታውሳሉ፣ አንዳንድ ቀን አያስታውሱም። እባክዎ ይታገሱኝ።

አክባሪዎ፣
ራዳና


ሆርኒ ስላቲና፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2022

ራዳና፤

ቤቴ ገብተሽ ዓሣዬን በልተሻል፣ አጥር አፍርሰሻል፤ ከእንግዲህ «እርስዎ» የለም።

ከዚያኛው ቀጥሎ ስለ ድምፁ የጻፍሽልኝ አጭር ደብዳቤ ሐሙስ ደረሰ። ሄድቪካ ማንበብ ጀመረችና አቆመች። «ምነው?» አልኳት። «መነጽሬን ልጥረግ» አለች። ያ መነጽር ንጹሕ እንደሆነ አውቃለሁ። «አንብቢ!» አልኳት።

እንግዲህ በሸራው ጠርዝ የምትንቀጠቀጠው መስመር ድምፁ ራሱ ናት ነው የምትይኝ። ማሽናችን ማንበብ ስላልቻለ ነው እንጂ ድምፁ እዚያው ነበር። እኔ ፊደል አላነብ፣ ማሽኔ ድምፅ አያነብ፤ ጥሩ ተጋጠምን! ያቺን መስመር ፕራግ ወስዳችሁ ብታናግሯትም ያው ማር የተቀባችው ሴትዮ ናት የወጣችው። ከመጀመሪያው። ኦቲሊያ ገና እዚሁ አገር፣ እዚሁ ሠረገላ ውስጥ እያለች።

ምክንያቱንም ጽፈሽልኛል። ያን ጊዜ ፊልም ሁሉ ድምፁ በኋላ በስቱዲዮ እንደገና ይሞላ እንደነበር አላውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረኝ። ዳይሬክተሩ ለእህቴ ድምፅ ወይዘሮ ብላንካ የምትባል የቲያትር ተዋናይ ጠራ፤ የእህቴ አነጋገር «የፈረስ ጋጣ ይሸታል» ብሎ።

ቱ!

ይሄን ጻፊው ሄድቪካ፤ ምራቁንም ጻፊው። የሚሸተውስ እኔ ነበርኩ! የበሰበሰ ዓሣ ያለበሱኝ እነሱ ናቸው። እሷ በየምሳው አጠገቤ ተቀምጣ የበላች ብቸኛ ሰው ናት። «አንተ ገና ሳትለብሰውም እንዲሁ ነህ» ትለኝ ነበር። ያንን የመሰለ አፍ ነው ሸተተን ያሉት። ደግሞ በመጨረሻው ቀን አበባ ሰጧት፤ እኔ ነኝ ውሃ ውስጥ የነከርኩላት። ያንን አበባ ዛሬ ባገኘው ለፍየል አልሰጠውም።

ታውቅ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሦስት ቀን ስቆጣ ከርሜ አራተኛው ላይ ነው ይህን ጥያቄሽን ያሰብኩት።

ታውቅ ነበር።

ፊልሙ በወጣ ሰሞን አንድ ቀን ብቻዋን በባቡር ፕራግ ሄዳ ነበር፤ ጫማ ልገዛ ብላ። ያለ ጫማ ተመለሰች። «የታለ ጫማው?» ስላት «አይመጥነኝም» አለች፤ አሁን ሳስበው ፊልሙን ሲኒማ ቤት ገብታ አይታው ኖሯል። በዚያው ክረምት አባቴ ድምፅ የሚያነብ ዕቃ ከቡድየዮቪጼ ከተማ ገዝቼ ማሽኑ ላይ ላስገጥም አለ። እሷ እሳት ሆነች። «ምን ያደርጋል? እኔ አለሁ አይደል?» አለችው። አባቴ «ልጅቷ ታታሪ ናት» ብሎ ተወው። ጥቁሩንም ጨርቅ የሰፋችው እሷ ናት፣ ማንም ሳያዛት። እኛ መስመሯ አስቀያሚ ስለሆነች መስሎን ነበር።

ወደ ቪየና እስክትሄድ ድረስ በየገበያው፣ በየድንኳኑ፣ ከአቡጀዲው ጀርባ ሆና በጉሮሮዋ የራሷን አፍ መልሳ ስትሞላ ኖረች፤ ለኛ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ። እኔ ማሽን አዞር ነበር።

እንግዲህ ድምፅዋ የትም የለም ማለት ነው። ገባኝ። ጥቅሎቹን ልትይዣቸው ትችያለሽ፤ ለኔ ከእንግዲህ ቆርቆሮ ናቸው። ስሟን ብቻ እንዳትረሺ።

ያችን አሮጊት ብላንካን ታገኚያት እንደሆነ ምንም አትበያት። የምላትን ባውቅ ኖሮ እነግርሽ ነበር።

ቬንደሊን
(ዛሬ ዓሣ የለም።)


ፕራግ፣ ሜይ 6 ቀን 2022

ለክቡር አቶ ቬንደሊን፤

ቶሎ እንዲደርስዎ ስለፈለግኩ ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ ይቅርታዎን።

ወይዘሮ ብላንካን ዛሬ አገኘኋቸው። ደህና ቀናቸው ነበር። የሚኖሩት በአረጋውያን ቤት ነው፤ መስኮታቸው ላይ ጌራኒየም አበባ አለ። የእህትዎን ስም ስጠራላቸው ፊታቸውን አዞሩ። እርስዎ ምንም አትበያት እንዳሉኝ ምንም አላልኩም፤ አበባቸውን ውሃ አጠጣሁ። በመጨረሻ ራሳቸው ጀመሩ። ቃላቸውን እንዳለ ልጻፍልዎ፤

«ቃሉን ሁሉ ተናግሬላታለሁ፤ ታዝዤ ነው። ሳቋን ግን አልቻልኩም። አንድ ከሰዓት ሙሉ ሳቅሁ። ዳይሬክተሩ "አይ፣ ይሄ የሻይ ግብዣ ሳቅ ነው" ይለኛል። እንደገና። "ይሄ የጥርስ ሐኪም ቤት ሳቅ ነው።" በኋላ ደክሞት፣ "በቃ፣ የልጅቷን የራሷን ተዉት፣ ከኩሬው ዳር የተቀረጸውን" አለ። እኔም ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። አየሽ፣ እንደዚያ የምስቅበት ነገር አግኝቼ አላውቅም።»

አቶ ቬንደሊን፣ የመጨረሻው ኩባያ ተከፍቶ የእናትየዋ ነፍስ ስትወጣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ትስቃለች። ተመልሼ አዳመጥኩት። ድምፁ ከቀረው ሁሉ ይለያል፤ ነፋስ አለበት፣ ውሃ ይንቦጫረቅበታል። ባልደረቦቼ ዲስኩን ሲሠሩ ጉድለት መስሏቸው ሊያጸዱት ሞክረው ነበር፤ አልጸዳም።

እርስዎ ዲስኩን ያስጠፉት ልጅቷ ገና አፏን ስትከፍት ነው ብለውኛል። ሳቁ ከዚያ በኋላ ነው። እጅዎ ላይ ነው ያለው።

ራዳና


ሆርኒ ስላቲና፣ ሜይ 12 ቀን 2022

ራዳና፤

ጤናዬን ጠይቀሽ ስላልጻፍሽ እኔም አልጠይቅሽም፤ ተቻቻልን።

እጄ ላይ አልነበረም፤ የጠረጴዛ እግር ሥር ነበር። ሄድቪካ ደብዳቤሽን አንብባ ሳትጨርስ ፖስተኛው የተደገፈበትን ጠረጴዛ ብድግ አደረገችው።

«ኧረ ቢራዬ!» አለ።

«ቢራህን ጠጥተህ ጨርስ ወይም ልበስ!» አለችው።

ሣጥኑ ተጨፍልቋል፤ ዲስኩ ደህና ነው። አስገባችው። ያ የማር ድምፅ ጀመረ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። አሁንም ያስጠላኛል፤ እስክሞት ያስጠላኛል፤ ይህንን እንዳትጠራጠሪ። ፖስተኛው ስለ ዚፑ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሄድቪካ በማንኪያ ክንዱን መታችው።

ከዚያ የመጨረሻው ኩባያ።

እንድታውቂው የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ያንን ቀን ክዳኑን ሳነሳ፣ በሙጫ የተለጠፈው አረንጓዴ ጆሮዬ ተላቀቀና ቀጥ ብሎ ኩባያው ውስጥ ገባ። ጢብ! የእናትየዋ ነፍስ መውጣት ሲገባት የኔ ጆሮ ገባ። ኦቲሊያ አየችኝ። ማልቀስ ነበረባት በጽሑፉ መሠረት፤ አልቻለችም። በድሮው ፊልም ጆሮዬ አይታይም፤ ጭጋግ ነው። ሰው ለምን እንደምትስቅ ሳያውቅ «ደስ ብሏት ነው» ይል ነበር። በናንተ ዲስክ ላይ ግን ጆሮዬ ስትወድቅ ፍንትው ብላ ትታያለች። ከነሙጫዋ። ያንን ሁሉ ብጉሬን ማውጣታችሁ ለዚህች ለአንዷ ጠቅሟል፤ ከዚህ በላይ ምስጋና ከኔ አትጠብቂ።

ሳቀች።

በመጀመሪያ ድምፅ የላትም፤ አየር ብቻ ነው። ከዚያ ደወሉ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ እንደ አሳማ በአፍንጫዋ የምታሰማት ነገር ነበረች፤ ልጅ ሆነን እናታችን «የባላገር አሳማ!» ብላ የምትቆጣባት። አለች። ያቺ አሳማ አለች፣ ራዳና። ሃምሳ ዓመት ከርማ ወጣች።

ፖስተኛው «ማናት እንዲህ የምትስቀው?» አለ፤ እንደ ቀልድ ሳይሆን።

«እህቴ ናት» አልኩት። «በኔ ነው የምትስቀው።»

ሄድቪካ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን አትጻፊ። (አልጻፍኩም። ግን ሆኗል። ሄድቪካ።)

አሁን ሥራሽን ስሚ። ስሟ ከላይ ሦስተኛው መስመር፣ በትልልቅ ፊደል፣ ለብቻው። የዚያችን የብላንካንም ስም ከታች ጻፊላት፤ ድምፁ የሷ መሆኑን ሰው ይወቅ፤ አልቅሳ ከነበረ አልቅሳለች። ነፋሱን እንዳትነኩት። ውሃውን እንዳትነኩት። ሰዎችሽ ያንን ሳቅ እንደገና ሊያጸዱ እጃቸውን ቢዘረጉ ያንን የዓሣ ቆዳ አግኝቼ፣ ለብሼ፣ በባቡር ፕራግ እመጣለሁ፤ በሞቃት ቀን።

ሳጥናችሁ አሁንም አስቀያሚ ነው። የኔን ፊት ሽፋኑ ላይ ማን አድርጉ አላችሁ? የሷን አድርጉ።

ዲስኩ አሁን ከሄድቪካ ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ማታ ማታ ከተዘጋ በኋላ ኩባያው የሚከፈትበት ጋ ታደርስልኛለች፤ ከዚያ በፊት ያለውን አላይም። ጠረጴዛው እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል፤ ቢራ ይፈሳል፤ ሰው ያማርራል።

ያማርር።

ቬንደሊን
(ዓሣ። ከነጆሮዋ።)